ሶኒክ ሄጅሆግ፦ ጽንስን የሚቀርጸው ዘረ-መል በካንሰር ውስጥ ያለው ድርሻ

ከኻልዳ በመኪና ብዙም ሳይርቁ፣ በንግሥት ራኒያ አል-አብደላ ጎዳና ላይ፣ በአረብኛ «መርከዝ አል-ሁሴን ሊል-ሰረጣን» የሚባለው የንጉሥ ሁሴን የካንሰር ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት ስሙ «አል-አመል»፣ ማለትም «ተስፋ» ነበር። ንጉሥ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ1999 በካንሰር ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በስማቸው ተሰየመ። በዚህ ማዕከል ከሚታከሙ የሕፃናት ሕመሞች አንዱ ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ በሕፃናት ላይ ከሚታዩት አደገኛ የአንጎል ዕጢዎች ሁሉ በብዛት የሚከሰተው ነው።

ከሜዱሎብላስቶማ ዕጢዎች ሲሶ የሚሆኑት መነሻቸው ከአንድ የሕዋሳት የመልእክት መስመር ጋር የተያያዘ ነው። መስመሩን የሚያስጀምረው ፕሮቲን ሶኒክ ሄጅሆግ ይባላል። ይኸው ፕሮቲን ልጁ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ አንጎሉን ለሁለት የከፈለ፣ ዓይኖቹን በግራና በቀኝ ያስቀመጠ፣ ጣቶቹንም ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት በተራ ያሰለፈ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘረ-መሉ ምን እንደሚሠራ፣ ሲጓደል ምን እንደሚያስከትል፣ ያለጊዜው ሲነቃ ደግሞ እንዴት ወደ ካንሰር እንደሚያመራ ያብራራል።

ስሙ ከየት መጣ

ታሪኩ የሚጀምረው ከፍራፍሬ ዝንብ ነው። ክርስቲያነ ኒውስላይን-ፎልሃርድ እና ኤሪክ ቪሻውስ የተባሉ ተመራማሪዎች በጀርመን ሃይደልበርግ ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ የዝንብ ዝርያዎችን እየመረመሩ፣ የዝንብ እጭን አካል በክፍል በክፍል የሚያደራጁትን ዘረ-መሎች ለዩ። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙ። ከዘረ-መሎቹ አንዱ ሲበላሽ እጩ አጥሮ፣ ገላው በሙሉ በእሾኽ መሰል ጥርሶች ተሸፍኖ ይታያል። በዚህም ምክንያት «ሄጅሆግ» ብለው ጠሩት። ሄጅሆግ በእንግሊዝኛ እሾኻማ ቆዳ ያላት፣ ከጃርት እጅግ የምታንስ እንስሳ ናት፤ በዮርዳኖስ ያሉ ሰዎች ቁንፉዝ ይሏታል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከኤድዋርድ ሌዊስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ውስጥ አቻው ዘረ-መል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚሠሩ ሦስት የምርምር ቡድኖች ውጤታቸውን በአንድ ወቅት ይፋ አደረጉ። ዘረ-መሉ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ወንድማማቾች ተገኙ። ሁለቱ በእውነተኛ የሄጅሆግ ዝርያዎች ስም «የሕንድ ሄጅሆግ» እና «የበረሃ ሄጅሆግ» ተባሉ። እዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን የሚገርም ነገር አለ፦ በዮርዳኖስ በረሃዎች የምትኖረው የበረሃ ሄጅሆግ ሳይንሳዊ መጠሪያዋ «ፓራኪነስ ኢትዮፒከስ» ነው፤ የአገራችንን ስም ይዛለች። ሦስተኛው ዘረ-መል ግን ስሙን ያገኘው ከእንስሳ አይደለም። ሮበርት ሪድል የተባለው ተመራማሪ ሴጋ በተባለው ኩባንያ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ባለው ገጸ-ባሕርይ ስም «ሶኒክ ሄጅሆግ» አለው።

ይህ ስያሜ በቤተ ሙከራ ውስጥ አስቂኝ ነበር። የልጃቸውን የከበደ የተፈጥሮ ጉድለት ምክንያት ለመስማት የተቀመጡ ወላጆች ፊት ግን የጨዋታ ስም መጥራት አይመችም። የዘረ-መል ስያሜዎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ኮሚቴም ይህን የመሰሉ ስሞች በሐኪም ቤት የሚያስከትሉትን ቅሬታ ተወያይቶበታል። ዛሬ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ «ኤስኤችኤች» በሚለው አጠራር ያልፉታል።

ምልክቱ እንዴት ይተላለፋል

የሰው ልጅ የኤስኤችኤች ዘረ-መል የሚገኘው በ7ኛው ክሮሞዞም ረጅሙ ክንድ ላይ ነው። ከዚህ መመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን 462 አሚኖ አሲዶች አሉት። ፕሮቲኑ እንደተሠራ ራሱን በራሱ ለሁለት ይቆርጣል፤ ሥራውን የሚሠራው የፊተኛው ቁራጭ ሲሆን፣ በጫፉ ላይ የኮሌስትሮል ሞለኪውል ይለጠፍበታል። ኮሌስትሮል በተለምዶ የሚነሳው በልብ በሽታ ስም ብቻ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ይህ ፕሮቲን በአግባቡ ሊሠራና ሊሰራጭ አይችልም።

ፕሮቲኑ ከተሠራበት ሕዋስ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ይሰራጫል። የሥርጭቱ ጠባይ በቡና ሰዓት ከሚጤሰው ዕጣን ጋር ይመሳሰላል፦ ለማጨሻው ቅርብ የሆነ ሰው ሽታው ይበረታበታል፣ በር ላይ ያለው ደግሞ በስሱ ብቻ ይሰማዋል። ሕዋሳትም እንዲሁ የደረሳቸው የፕሮቲን መጠን ብዙ ከሆነ አንድ ዓይነት፣ ጥቂት ከሆነ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ይሆናሉ። ምልክቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየም ይቆጥራሉ። አንድ ፕሮቲን ብቻውን ብዙ ዓይነት አካል መቅረጽ የቻለው በዚህ ነው።

በተቀባዩ ሕዋስ ገጽ ላይ «ፓችድ» የተባለ ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ቆሟል። ምልክቱ እስካልመጣ ድረስ ዘበኛው «ስሙዝንድ» የተባለውን ሌላ ፕሮቲን እንዳይነቃነቅ አግቶ ይይዘዋል። ሶኒክ ሄጅሆግ መጥቶ ከዘበኛው ጋር ሲጣበቅ እገታው ይላላል፤ ስሙዝንድ ይለቀቃል። ከዚያም «ግሊ» የሚባሉት መልእክተኛ ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ማዕከል ገብተው ዕድገትንና መባዛትን የሚያዝዙ ዘረ-መሎችን ይከፍታሉ። አብዛኛው የዚህ ልውውጥ የሚካሄደው ከሕዋሱ ገጽ እንደ አንቴና በወጣች አንዲት ጥቃቅን ፀጉር ውስጥ ነው።

የዚህን ሰንሰለት ቅደም ተከተል ማስታወስ ይጠቅማል። ዘበኛው ከሌለ ምልክት ባይመጣም በሩ ክፍት ይሆናል፤ ከታች የምናያቸው ካንሰሮች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። የመድኃኒቶቹ ዒላማ ደግሞ ስሙዝንድ ነው።

ፊትና አንጎል

ጽንሱ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ላይ ሳለ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ በውል ባላወቁበት ጊዜ፣ የወደፊቱ አከርካሪ በሚሆንበት መስመር ላይ ያሉ ሕዋሳት ኤስኤችኤችን ያመነጫሉ። ምልክቱ ከታች ወደ ላይ እየተሰራጨ የነርቭ ቱቦውን የታችኛውን ወገን ያደራጃል። በፊተኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ወጥ የሆነው የፊት አንጎል በግራና በቀኝ እንዲከፈል፣ አንድ የነበረው የዓይን መደብም ለሁለት እንዲለያይ ያደርጋል።

ይህ ምልክት ሲጓደል የሚከተለው ጉድለት ሆሎፕሮሰንሰፋሊ ይባላል፤ የፊት አንጎል በአግባቡ አለመከፈል ማለት ነው። በጽንስ ደረጃ ከ250 ጽንሶች በአንዱ እንደሚከሰት ይገመታል፤ አብዛኞቹ ግን በውርጃ ስለሚያልፉ በሕይወት ከሚወለዱት ውስጥ የሚታየው ከ10 ሺህ በአንድ ገደማ ነው። በጣም የከፋው መልኩ በግንባር መካከል አንድ ዓይን ብቻ ይዞ መወለድ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ምልክቱ እጅግ ቀላል ሊሆን ይችላል። የተበላሸውን ዘረ-መል የያዘ ወላጅ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ፣ በላይኛው ድዱ መሐል ላይ ሁለት መሆን የነበረባቸው የፊት ጥርሶች በአንድ ጥርስ ተተክተው ብቻ ሊታዩ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ለልጁ ዘረ-መሉን የማስተላለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው፤ ልጁ ላይ የሚደርሰው ጉዳት መጠን ግን አስቀድሞ አይታወቅም።

የኤስኤችኤች ዘረ-መል መበላሸት በሰው ላይ ይህን ጉድለት እንደሚያስከትል የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በዚያው ዓመት ዘረ-መሉ የተወገደባቸው የቤተ ሙከራ አይጦች አንድ ዓይና ሆነው መፈጠራቸው ታወቀ። ይሁንና ጉድለቱ ሁልጊዜ ከዘር አይመጣም። ከእርግዝና በፊት የጀመረና ቁጥጥር ያልተደረገበት የእናት የስኳር ሕመም ከታወቁት አጋላጭ ምክንያቶች አንዱ ነው። በየመንደሩ እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲወለድ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አድርጎ ማውራት የተለመደ ቢሆንም፣ ሕክምናው የሚያውቀው ምክንያት ይህ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ጉድለት ከነርቭ ቱቦ አለመዘጋት ጋር ያምታቱታል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የአከርካሪ ክፍተትን የመሳሰሉት የነርቭ ቱቦ ጉድለቶች ፎሊክ አሲድ በበቂ መጠን ሲገኝ በእጅጉ ይቀንሳሉ። ዮርዳኖስ የዳቦ ዱቄት በብረትና በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ ማድረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ በሰሜናዊው የአገሪቱ ክፍል በተደረገ ጥናት በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የጉድለቱ መጠን በግማሽ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች። ፎሊክ አሲድ ሆሎፕሮሰንሰፋሊን ይከላከላል ማለት ግን አይቻልም።

ስድስተኛው ጣት

በኢትዮጵያ ስድስት ጣት ያለው ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተጠቀሰው ሃያ አራት ጣት የነበረው ግዙፍ ሰውም በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ጣት ለምን አምስት እንደሚሆን ለማወቅ የተደረገው ጉዞ ወደ ኤስኤችኤች ያደረሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ሳውንደርስና ሜሪ ጋሰሊንግ በጫጩት ጽንስ ክንፍ ላይ ሙከራ አደረጉ። ከእንቡጡ የኋለኛ ጠርዝ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው ወደ ፊተኛው ጠርዝ ሲተክሉ፣ ክንፉ እንደ መስተዋት ምስል ድርብ ጣቶች አበቀለ። ያቺ ቁራጭ ሥጋ ምን እንደምታመነጭ ለሃያ አምስት ዓመታት ምሥጢር ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1993 መልሱ ሶኒክ ሄጅሆግ መሆኑ ታወቀ። በእጃችን ላይ ምልክቱ የሚመነጨው በትንሿ ጣት በኩል ነው፤ አውራ ጣት ከምንጩ የራቀች ናት።

ይህን ዘረ-መል በእጅና በእግር ውስጥ የሚያበራው ማብሪያ ከራሱ ከዘረ-መሉ አንድ ሚሊዮን በሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላት ርቆ፣ በሌላ ዘረ-መል ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ማብሪያ ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ስትለወጥ ምልክቱ በአውራ ጣት በኩልም ይበራል፤ በዚያ ወገን ትርፍ ጣት ይበቅላል። በአሜሪካዊው ደራሲ በሄሚንግዌይ ቤት በሚኖሩት ባለ ስድስት ጣት ድመቶች ላይ የታየውም የዚሁ ማብሪያ ለውጥ ነው። እባቦች ደግሞ ይኸው ማብሪያ ተበላሽቶባቸዋል፤ እግር አልባ ከሆኑበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

በአገራችን በብዛት የሚታየው ትርፍ ጣት ግን በትንሿ ጣት በኩል የሚወጣው ነው። ይህኛው ብዙውን ጊዜ ከማብሪያው ጋር አይገናኝም፤ ከመልእክተኛው የግሊ ቤተሰብ አንዱን ጨምሮ በሌሎች ዘረ-መሎች ለውጥ ይመጣል፤ በአመዛኙም ሌላ ሕመም አያስከትልም። አንዳንዶች ሕፃኑ እንደተወለደ ጣቱን በክር ያስሩታል። አጥንት ያለው ጣት በክር ሲታሰር ለቁስለትና ለኢንፌክሽን ስለሚዳርግ፣ መቆረጥ ካለበት በሐኪም ቢሆን ይመረጣል።

የአይዳሆ በጎች

በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት እረኞች በ1950ዎቹ አንድ ግራ የሚያጋባ ችግር ገጠማቸው፤ በጎቻቸው በግንባር መካከል አንድ ዓይን ያላቸውን ግልገሎች ይወልዱ ነበር። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ያዙ፤ ከእነርሱም አንዱ ሦስት በጋ ከመንጋው ጋር በተራራ ላይ ኖረ። በመጨረሻ ጥፋተኛው ቬራትረም ካሊፎርኒከም የተባለ የተራራ ተክል ሆኖ ተገኘ። በእርግዝናዋ 14ኛ ቀን ላይ ተክሉን የበላች በግ አንድ ዓይና ግልገል ትወልዳለች፤ ቀኑ ካለፈ ግን ግልገሉ ከዚህ ጉድለት ይተርፋል። ከተክሉ የተለየው መርዝ ሳይክሎፓሚን ተባለ።

መርዙ እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ከአርባ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሳይክሎፓሚን ስሙዝንድን ያግደዋል፤ ምልክቱ ቢመጣ እንኳ በሩ አይከፈትም። የእረኞች ችግር ሆኖ የጀመረው ነገር በዚህ ጊዜ ለካንሰር ተመራማሪዎች ሌላ ትርጉም አገኘ፦ ያለ ፈቃድ የበራን ምልክት ማጥፋት የሚቻልበት መንገድ ተገኘ።

ከአንጎል ሠሪ ወደ ዕጢ

ሰው ሲራመድ ሚዛኑን የሚጠብቅለት፣ ከጭንቅላት በስተኋላ በታች ያለው የአንጎል ክፍል ሴሬቤለም ይባላል። ትንሽ ቢሆንም በአንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት እዚህ ነው። ይህን ያህል ሕዋስ በአጭር ጊዜ ለማፍራት የሴሬቤለም የላይኛው ንጣፍ ሕዋሳት ያለ ዕረፍት መባዛት አለባቸው፤ እንዲባዙ የሚያዝዛቸው ደግሞ ከሥራቸው ካሉ ትልልቅ የነርቭ ሕዋሳት የሚወጣው ሶኒክ ሄጅሆግ ነው። ሥራው ከመወለድ በኋላም ይቀጥላል፤ ንጣፉ የሚጠፋው ልጁ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው።

በዚህ ጊዜ ከሕዋሳቱ አንዱ ዘበኛውን ፓችድን ቢያጣ፣ «ይበቃል» የሚለው ትእዛዝ አይደርሰውም። መባዛቱን ይቀጥላል፤ ሌሎች ስህተቶች ሲጨመሩበት ዕጢ ይሆናል። የኤስኤችኤች ዓይነት ሜዱሎብላስቶማ ከሦስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በአዋቂዎችም ላይ ይበረክታል። በመካከለኛው የልጅነት ዕድሜ ደግሞ ሌሎቹ ዓይነቶች ይበዛሉ።

ሜዱሎብላስቶማን እ.ኤ.አ. በ1925 ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስም የገለጹት ሃርቪ ኩሺንግና ፐርሲቫል ቤይሊ ናቸው። በዚያን ዘመን ቀዶ ሕክምና ብቻውን ብዙም አይፈይድም ነበር፤ ሕፃናቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይሞቱ ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጨረር ለአንጎልና ለአከርካሪ በሙሉ መሰጠት ሲጀምር ነው። ዛሬ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ተቀናጅተው በሚሰጡበት ቦታ፣ በሽታው ያልተሰራጨባቸውና ዕጢያቸው በሚገባ የወጣላቸው ልጆች ከአምስቱ አራቱ ገደማ ይድናሉ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ሜዱሎብላስቶማ አንድ በሽታ ሳይሆን አራት መሆኑን ተስማሙ፦ ዊንት፣ ኤስኤችኤች፣ ሦስተኛውና አራተኛው ቡድን። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዘረ-መል መለየትን የምደባው አካል አድርጎታል። ልዩነቱ ከስያሜ ያለፈ ነው። የዊንት ዓይነት ያለበት ልጅ የመዳን ዕድሉ ከዘጠና በመቶ በላይ ነው። የኤስኤችኤች ዓይነት ደግሞ ቲፒ53 የተባለው ዘረ-መል አብሮ ከተበላሸ ውጤቱ የከፋ ይሆናል። ሁለት ዕጢዎች በማይክሮስኮፕ ሥር ተመሳሳይ መስለው የተለያየ መድኃኒት መጠን ሊፈልጉ ይችላሉ።

አማን በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የንጉሥ ሁሴን የካንሰር ማዕከል ሐኪሞች በካናዳ ቶሮንቶ ካለው «ሲክ ኪድስ» የሕፃናት ሆስፒታል ባልደረቦቻቸው ጋር በቪዲዮ እየተገናኙ የአንጎል ዕጢ ያለባቸውን ሕፃናት ጉዳይ አንድ በአንድ መወያየት ጀመሩ። የራዲዮሎጂ ምስሎችና የናሙና ስላይዶች በስክሪን ይታያሉ፤ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ወይስ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ጨረሩ መቼ ይጀመር የሚሉት ጥያቄዎች ይነሳሉ። በበርካታ ሕፃናት ላይ የሕክምናው ዕቅድ ከውይይቱ በኋላ ተለውጧል። ከተሞክሮው የታተሙ ጽሑፎች በመካከለኛ ገቢ ላይ ያለ አገር ውድ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሐኪሞችን በማገናኘት ብቻ ብዙ ማሻሻል እንደሚችል ማስረጃ ሆነው ይጠቀሳሉ።

በኢትዮጵያ መንገዱ የረዘመ ነው። ለዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነበር። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ የሐኪሞቹ ቁጥር ጨምሯል፤ የጨረር ሕክምናም ጅማን ወደመሳሰሉ የክልል ከተሞች መውጣት ጀምሯል። ሆኖም ሕፃናቱ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ዕጢው ካደገ በኋላ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት የበሽታው ምልክቶች ከተራ ሕመም ጋር መመሳሰላቸው ነው። ዕጢው የአንጎል ፈሳሽ የሚወርድበትን መንገድ ሲዘጋ ግፊት ይጨምራል። ልጁ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ካስመለሰው በኋላም ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጤነኛ ይመስላል። ለዚህም ነው ወላጆች «ሆዱን አሞት ነው» ብለው የሚያልፉት። ሳምንታት ሲቆይ ልጁ ሲራመድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ዕቃ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፣ ወይም አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ይይዛል። ገና አናቱ ባልገጠመ ሕፃን ላይ ጭንቅላቱ ከመጠን በላይ ያድጋል፤ ዓይኖቹም ወደ ታች የወረዱ ይመስላሉ።

በኻልዳና በአካባቢዋ ባሉ ቤቶች ልጅ ተንከባክበው የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው። ልጁን ጠዋት ቀስቅሰው የሚያለብሱት፣ ቁርሱን የሚያበሉት እነርሱ በመሆናቸው፣ የጠዋት ትውከት ሲደጋገምና አረማመዱ ሲለወጥ ከወላጆቹ ቀድመው የሚያዩት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። ትውከትና ራስ ምታት በአብዛኛው ዕጢ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት የሚመላለስ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈና ከመንገዳገድ ጋር የመጣ ከሆነ ግን ለማዳም መንገር ይገባል። ቀኑንና ሰዓቱን በማስታወሻ ወይም በስልክ መዝግቦ መያዝ፣ አረማመዱንም ከቤተሰቡ ፈቃድ ጋር በቪዲዮ መቅረጽ ለሐኪሙ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ጎርሊን ሲንድሮም

አንዳንድ ሰዎች ከሁለቱ የፓችድ ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቶ ይወለዳሉ። ይህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ጎርሊንና ሮበርት ጎልትዝ በገለጹት መሠረት ጎርሊን ሲንድሮም ይባላል፤ ምክንያቱ የፓችድ ዘረ-መል መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተደጋጋሚ ውኃ ቋጠሮ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ በቆዳ ላይ ደግሞ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የተባለው ካንሰር በብዛት ይታያል። ይህ የቆዳ ካንሰር በነጮች ዘንድ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ጎርሊን በሌለባቸው ሰዎች ላይም ፀሐይ ፓችድን በመጉዳት ታስነሳዋለች። የጠቆረ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ከፀሐይ ስለሚጠበቁ ጎርሊን ቢኖርባቸውም የቆዳው ምልክት ጥቂት ሊሆን ይችላል። በእነርሱ ዘንድ ነገሩን የሚገልጠው የጥርስ ሐኪሙ ራጅ ላይ የሚታየው የመንጋጋ ቋጠሮ ሊሆን ይችላል።

ይህን ማወቅ አንዳንድ ጊዜ የልጅን ሕይወት ይወስናል። ጎርሊን ያለበት ሕፃን ሜዱሎብላስቶማ ሲይዘው በጨረር ከታከመ፣ ጨረሩ ባረፈበት ቆዳ ላይ ከዓመታት በኋላ በርካታ ካንሰሮች ሊፈሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የኤስኤችኤች ዓይነት ዕጢ ሲገኝበት ሐኪሞች ስለ ቤተሰቡ ይጠይቃሉ፤ የደም የዘረ-መል ምርመራ ያዝዛሉ፤ ጨረርን በተቻለ መጠን ያስወግዳሉ። የመንጋጋ ቋጠሮ የወጣለት አባት ወይም አያት በቤተሰቡ ካለ፣ ያንን ለሐኪሙ መናገር ተራ ወሬ አይደለም።

መድኃኒቶቹና አደጋቸው

በሳይክሎፓሚን ፈለግ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት ቪስሞዴጊብ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊታከም ላልቻለ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ፈቀደው። ሶኒዴጊብ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጠው ግላስዴጊብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ተከተሉ። ሁሉም የሚያግዱት ስሙዝንድን ነው።

ገና ሙከራ ላይ ሳለ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ የመድኃኒቱን ኃይልም ወሰንም ያሳያል። ሜዱሎብላስቶማ በመላ አካሉ የተሰራጨበት አንድ የ26 ዓመት ወጣት መድኃኒቱን ሲጀምር ዕጢዎቹ በጥቂት ወራት በአስገራሚ ሁኔታ ሟሸሹ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሱ። ሲመረመር በስሙዝንድ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ተለውጣ፣ መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ቦታ ጠፍቶ ተገኘ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ተከሰተ፤ ምልክቱ አጥንት ለማርዘምም ስለሚያስፈልግ፣ መድኃኒቱን የወሰዱ አንዳንድ ልጆች የአጥንት ማደጊያቸው ያለጊዜው ተዘግቶ ቁመታቸው ቆመ።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ለነፍሰ ጡር ያለው አደጋ ነው፤ በአይዳሆ በጎች ላይ የታየው በሰው ላይም ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካው የቪስሞዴጊብ መመሪያ ሴቶች መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜና ካቆሙ በኋላ ለ24 ወራት እንዳያረግዙ ያሳስባል። ወንዶች በሚወስዱበት ጊዜና ካቆሙ በኋላ ለሦስት ወራት ኮንዶም እንዲጠቀሙ፣ የትኛውም ታካሚ ደግሞ እስከ 24 ወራት ደም እንዳይለግስ ይከለክላል። በአንድ ቤት ውስጥ ታማሚ አስታምሞ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው እንክብሉን መክፈትም ሆነ መፍጨት የለበትም። ከታማሚው የተረፈ መድኃኒት ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ተመራማሪዎች ስሙዝንድን ማገድ በቆሽትና በሌሎች ካንሰሮች ላይም ይሠራል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በቆሽት ካንሰር ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አልተሳኩም፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቋርጧል። ከሁለት ዓመት በኋላ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ምክንያቱን ጠቆመ፦ በቆሽት ዕጢ ዙሪያ ያለው ጠንካራ ሥጋ የሚጠበቀው በሶኒክ ሄጅሆግ ምልክት ሲሆን፣ ይህ ሥጋ ዕጢውን ከብቦ ያግደው ነበር። ምልክቱ ሲነሳ ዕጢው ይበልጥ ተስፋፋ።